ከዶሮዋ በፊት ቤቷ

እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደብተርና እስክሪብቶ የምገዛው በጓሮአችን ካሉት አምስት ዶሮዎች እንቁላል ነው። «እንዴት ልጀምር?» ለምትሉኝ ጓደኞቼ መልሴ ይኸውና።

መጀመሪያ ቤቱ ይሠራ። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ይበቃል። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ፤ ሲረጥብ ቀይሩት። ዶሮ ከፍ ብላ ማደር ስለምትወድ ቆጡን አትርሱ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባም ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ።

ቀጥሎ ግዢው ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ሌት ተቀን ሙቀት ትፈልጋለች፤ መብራት ሲጠፋ ችግር ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የሁለት ወር ቄብ ትሻላለች። የተሻሻለ ዝርያ ከሆነች በአምስት ወሯ ገደማ መጣል ትጀምራለች። አውራ ዶሮ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል እንጂ እንቁላል ለመጣል አይደለም።

ወጪውንም አስቀድማችሁ አስሉ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ አምስቱ በወር 18 ኪሎ ማለት ነው። ንጹህ ውኃም ከፊታቸው አይጥፋ።

ከሁሉ የሚከፋው ፈንግል ነው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ሰፈር ከገባ ያልተከተቡትን በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል። ዋናው መከላከያ ክትባት ነው፤ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ስትገዙ «ተከትባለች ወይ? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክትባቱ ስለሚደገም የአካባቢያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ።

እኛ ቤት አዲስ ዶሮ ሲመጣ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆያል። የደብተሬ ገንዘብ በአንድ እንግዳ ዶሮ ምክንያት እንዲያልቅ አልፈልግማ!