አንድ ገዢ ነው ወይስ አራት? የደንበኛ ዳታቤዝን እስከ ታችኛው ልጅ ድረስ መጠየቅ

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ለጊዜው እንተወውና ወደ ራሳችን ቢሮ እንግባ። ደንበኞቻችሁንና ውሎቻችሁን ከኤክሴል አውጥታችሁ ሴልስፎርስ ላይ ወይም የቢሮ ልጆች በፖስትግሬስ በሠሩት ሲስተም ላይ ላስገባችሁ ላኪዎች ነው ይሄ ጽሑፍ።

እዛ ውስጥ መረጃው ደረጃ አለው። ገዢው ወላጅ ነው፣ ውሉ የገዢው ልጅ፣ ጭነቱና ክፍያው ደግሞ የውሉ ልጆች። ገዢው ራሱም ወላጅ ይኖረዋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚዘነጋው።

የሚታወቅ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ስታምፕታውንና ኢንተለጀንሲያ የሚባሉ ቆዪዎች አሉ። በፈረንጆቹ 2015 ፒትስ ስታምፕታውንን ገዛ፣ ከኢንተለጀንሲያም አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ፒትስን ደግሞ ጄኤቢ በ2012 ገዝቶት ነበር። በ2020 ጄዲኢ ፒትስ አምስተርዳም ላይ ለአክሲዮን ገበያ ሲቀርብ ሰንሰለቱ ከላይ ወደ ታች ጄኤቢ፣ ጄዲኢ ፒትስ፣ ፒትስ፣ ስታምፕታውን ነበር። አራት ደረጃ! (ባለቤትነት ይቀያየራል፣ ለምሳሌነቱ ብቻ ያዙት።) መዝገባችሁ ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ስም ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የዱቤ ጣሪያ ስትሰጡ ለአንድ ቤተሰብ ደራርባችሁ እየሰጣችሁ ነው። በሕግ የአንዱ ዕዳ የሌላው ላይሆን ይችላል፤ እናት ድርጅቱ ሲያስነጥስ ግን ሁሉም ይታመማሉ።

ሴልስፎርስ ላይ ከልጅ ወደ ወላጅ መውጣት ቀላል ነው፤ በነጥብ እያያያዛችሁ እስከ አምስት ደረጃ ትወጣላችሁ። ከወላጅ ወደ ልጅ ለመውረድ ደግሞ በጥያቄው ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይቀመጣል። ድሮ የሚፈቀደው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር፤ በ2023 ከወጣው የኤፒአይ 58 ስሪት ወዲህ የላይኛውን ወላጅ ጨምሮ እስከ አምስት ደረጃ፣ ማለትም ከወላጁ በታች አራት ደረጃ መውረድ ይቻላል።

ችግሩ ምንድን ነው፣ የደረጃውን ቁጥር ቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ። «ሦስት ደረጃ ውጣና ስሙን አምጣ» ካላችሁ ለስታምፕታውን ጄኤቢን ያመጣል፣ ለፒትስ ግን ባዶ ነው የሚመልሰው፣ ምክንያቱም ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ስህተት ብሎም አይጮህም! ስለዚህ «ዋና ባለቤት» የሚል ፊልድ ከፍታችሁ እያንዳንዱ ገዢ ላይ ሙሉት፤ ለድምር እሱን ተጠቀሙ። ፖስትግሬስ ላይ «ዊዝ ሪከርሲቭ» የሚባለው ትዕዛዝ ጫፍ እስኪደርስ ራሱ ይወጣል። የደረጃ ገደብ ግን አስገቡበት፣ ሁለት ድርጅት በስህተት እርስ በርስ ወላጅ ተደርገው ከተመዘገቡ ሲዞር ሊያድር ይችላል።

አሁን ገንዘብ ወደሚበላው እንምጣ። አንድ ውል 640 ጆንያ ነው እንበል፤ በሁለት ኮንቴነር 320፣ 320 ሆኖ ተጫነ፣ ክፍያው ደግሞ በሦስት ጊዜ ገባ። ውሉን፣ ጭነቱንና ክፍያውን በአንድ ላይ «ጆይን» ስታደርጉ እያንዳንዱ ጭነት ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይጣመርና ስድስት መስመር ይወጣል። ጆንያውን ስትደምሩ 1,920! የሌለ 1,280 ጆንያ፣ ማለትም አራት ኮንቴነር ተፈጠረ። ውሉ ዋጋው ገና ፊክስ ያልተደረገ ከሆነና ሰውዬው ይህን ቁጥር አይቶ ኒውዮርክ ላይ ሄጅ ካደረገ፣ በሌለ ቡና ላይ ነው የቆመው። አንድ ኮንቴነር 19.2 ቶን፣ ወደ 42,300 ፓውንድ ነው። ገበያው በፓውንድ 10 ሳንቲም በተቃራኒው ቢሄድበት በአራቱ ብቻ ወደ 16,900 ዶላር ይወጣል። 10 ሳንቲም ደግሞ እዚህ ቻናል ላይ እንደምታዩት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

መፍትሔው ጭነቱን በውል ለብቻው መደመር፣ ክፍያውንም ለብቻው መደመር፣ ከዚያ ሁለቱን ድምሮች ከውሉ ጋር ማገናኘት ነው። ልጆቹን ከነዝርዝራቸው አንድ ላይ አታጋቧቸው።

ሌላም አለ። ተራ «ጆይን» ልጅ የሌለውን ወላጅ ይጥላል። ውልና ክፍያን በእሱ ካገናኛችሁ ምንም ያልተከፈለባቸው ውሎች ከዝርዝሩ ይጠፋሉ፤ እኛ የምንፈልገው ግን በትክክል እነሱን ነው! «ሌፍት ጆይን» በሉት። ከዚያ በኋላ «የክፍያው ቀን ከዚህ ወዲህ የሆነ» የሚል ማጣሪያ «ዌር» ውስጥ ከጨመራችሁ ደግሞ መልሶ ይጥላቸዋል፣ ቅድመ ሁኔታው «ኦን» ላይ ነው መግባት ያለበት። ሴልስፎርስ ላይ በውስጥ ጥያቄ ስትወርዱ ወላጁ አይጠፋም፣ የልጁ ቦታ ባዶ ሆኖ ይመጣል።

ሪፖርታችሁን ለመፈተን ብዙ ጭነትና ብዙ ክፍያ ያለው አንድ ውልና ምንም ያልተከፈለበት አንድ ውል ምረጡ። ሁለቱን በእጅ ደምሩና ሲስተሙ ከሚያወጣው ጋር አስተያዩ። ያልገጠመላችሁ ካለ ግሩፑ ላይ ጻፉልን፣ የገዢውን ስም ግን አጥፉት።