የቱ ይጫንልኝ?

ኦገስት 1997፣ ቦስተን ከተማ። የአፕል ማክ ኮምፒውተር ወዳጆች በሞሉት አዳራሽ ስቲቭ ጆብስ መድረክ ላይ ቆሟል። ከኋላው ባለው ግዙፍ ስክሪን ላይ ድንገት የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ ፊት ብቅ አለ። ከታዳሚው ብዙው ጮኸ፣ አፏጨ። ጌትስ ግን ሊሳለቅ አልመጣም። ማይክሮሶፍት ገንዘቡ ሊያልቅ ከተቃረበው ከአፕል የ150 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ሊገዛ፣ ኦፊስ የተባለውን ፕሮግራሙንም ለአምስት ዓመት ለማክ መሥራቱን ሊቀጥል ተስማምቶ ነበር። የተጮኸበት ሰው የሚወዱትን ኩባንያ ነፍስ ከሚያቆዩት አንዱ ነበር ማለት ነው። ጆብስ ራሱ፣ አፕል እንዲያሸንፍ ማይክሮሶፍት መሸነፍ አለበት የሚለውን ሐሳብ እንዲተዉ ደጋፊዎቹን መምከር ግድ ሆነበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቡናና ጊዮርጊስ ሲገናኙ ስታዲየም የገባ ሰው እንዲህ ያለው ስሜት አዲስ አይሆንበትም። ግራ የሚያጋባው ለኮምፒውተር መሆኑ ነው። ጣሊያናዊው ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በመጽሔት ዓምዱ ላይ ሲቀልድ ነገሩን የሃይማኖት ጉዳይ አድርጎት ነበር፤ ማክ ካቶሊክ ነው፣ የማይክሮሶፍቱ ዶስ ደግሞ ፕሮቴስታንት። ማክ ምእመኑን እጁን ይዞ በሥዕል እየመራ መንግሥተ ሰማያት ያደርሰዋል። ዶስ ግን መጽሐፉን ራስህ አንብብ፣ ራስህ ተርጉም ይላል፤ ሁሉም ይድናል ብሎም ተስፋ አይሰጥም። ቀልድ ይሁን እንጂ ከብዙ የባለሙያ ትንታኔ ይልቅ ነገሩን ጨብጦታል።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚነሳበት ነገር በአማርኛ ስርዓተ ክወና ተብሏል። ጥገና ቤት ሄዶ በዚህ ስም የሚጠራው ግን ብርቅ ነው፤ “ዊንዶው ጫንልኝ” ወይም “ፎርማት አድርግልኝ” ነው የሚባለው። የተጫነው ስርዓት የኪቦርዱን ንክኪ ተቀብሎ ለሚመለከተው ፕሮግራም ያደርሳል፤ ዘፈኑም ደብዳቤውም በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ሜሞሪውን ያከፋፍላል፤ ፋይሉ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ ያስታውሳል፤ ፕሪንተሩን ያነጋግራል። ፕሮግራሞችም የሚሰፉት በእሱ ልክ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ማክ ላይ እንዲሁ አይከፈትም። ስለዚህ ስርዓት የሚመርጥ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ወደፊት የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞችና ፋይል የሚለዋወጣቸውን ሰዎች ጭምር እየመረጠ ነው።

የተሻለው ያሸንፋል የሚል ካለ 1981ን ይመልከት። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ለማውጣት ሲሰናዳ በትናንሽ ኮምፒውተሮች ዘንድ የታወቀው ሲፒኤም የተባለው የጋሪ ኪልዶል ስርዓት ነበር። ድርድሩ ሳይሰምር ቀረና ዕድሉ ወደ ማይክሮሶፍት ዞረ። ማይክሮሶፍት ለዚያ ማሽን የሚሆን ስርዓት በእጁ ስላልነበረው በሲያትል አንድ ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ቲም ፓተርሰን በጥድፊያ የሠራውን ገዛ። የዚያ ስርዓት የመጀመሪያ ስም ኪውዶስ ነበር፤ ትርጉሙም በአማርኛ “የግብር ይውጣ” እንደማለት ነው። ብልሃቱ ከፕሮግራሙ ይልቅ ውሉ ላይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ስርዓቱን ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብቱን ለራሱ አስቀረ። ኪልዶል ቅር ሲሰኝ አይቢኤም ሲፒኤምንም ለገበያ አቀረበለት፤ የማይክሮሶፍቱ በ40 ዶላር፣ የኪልዶል በ240 ዶላር። ገዥው የቱን እንዳነሳ መናገር አያስፈልግም። ሌሎች ኩባንያዎች ፒሲውን አስመስለው መሥራት ሲጀምሩ የግብር ይውጣው ዶስ አብሯቸው ዓለምን አዳረሰ።

ማክ በጃንዋሪ 1984 ብቅ ሲል ከዶስ የሚሻል መሆኑ ለዓይን የሚታይ ነበር። ትእዛዝ በፊደል መጻፍ ቀርቶ ማውዝ ይዞ ሥዕሉን መንካት፣ ፋይሉን ጎትቶ ቅርጫት ውስጥ መጣል ብቻ። የሐሳቡ ምንጭ የዜሮክስ ቤተ ሙከራ ቢሆንም ብዙ ሰው ያየው በማክ ነው። ዋጋው ግን 2,495 ዶላር፤ ስርዓቱም ከአፕል ማሽን ውጪ አይሠራም። ማይክሮሶፍት በ1985 ዊንዶውስን ይዞ ተከተለ፤ ገበያው በደንብ የተቀበለው ግን በ1990 የወጣውን 3.0 ነው። አፕል መልኬን ወሰደብኝ ብሎ በ1988 ከሰሰ፤ በ1994 በይግባኝም ተረታ።

የማክ ወገኖች ሲከራከሩ የሚዘሉት ነገር አለ። እስከ 2001 ድረስ ማክ ፊቱ ያማረ፣ መሠረቱ የሳሳ ቤት ነበር፤ አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ማሽኑን በሙሉ ይዞት ይወድቃል። የዛሬው ማክ የቆመው በዚያ ዓመት በዩኒክስ መሠረት ላይ እንደገና በተገነባው ስርዓት ላይ ነው። የዊንዶውስ ወገኖችም የሚዘሉት አይጠፋም። ኤፕሪል 1998 ላይ ዊንዶውስ 98 በሕዝብ ፊት ሲታይ አንድ ስካነር ተሰካበትና የታወቀው ሰማያዊ ስክሪን ድርግም አለ። አጠገቡ የቆመው ጌትስ፣ እስካሁን ለሽያጭ ያላወጣነው ለዚህ መሆን አለበት ብሎ በሳቅ አለፈው።

ሦስተኛው ተፎካካሪ የመጣው ከሄልሲንኪ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ በኦገስት 1991 ለትርፍ ጊዜው አንድ ስርዓት እየሠራ መሆኑን፣ ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎም እንደማይጠብቅ አስታወቀ። ግምቱ አልሠመረም። ማንም ኮዱን የሚያየው፣ የሚያሻሽለው፣ የሚያባዛው ሊነክስ ተወለደ። የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር በ2001 ካንሰር ብሎታል። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የዓለም 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። የአንድሮይድ ስልክ እምብርትም እሱው ስለሆነ “ሊነክስ ለባለሙያ ብቻ ነው” ብሎ የሚሟገት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነው የሚሟገተው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2016 ሊነክስን ዊንዶውስ ውስጥ እንዲሠራ አደረገ። ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ኮምፒውተር ግን ሊነክስ አልነገሠም። ለምን ቢባል ከሙኒክ የተሻለ ምስክር የለም።

የጀርመኗ ሙኒክ በ2003 የማዘጋጃ ቤቷን 14,000 ገደማ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊነክስ ለማዞር ወሰነች። ባልመር የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍቱን አቋርጦ ከንቲባ ክርስቲያን ኡደን ሊያግባባ መጣ፤ የዋጋ ቅናሽም ቀረበ። ከንቲባው አልተበገሩም። አዲሱ ስርዓት ሊነክስንና ሙኒክን አጋብቶ ሊሙክስ ተባለ። ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። ሊነክስን ዲስክ ላይ መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ጊዜውን የበላው በየመምሪያው ለዓመታት በዎርድ ሲጠራቀም የኖረው ቁጥር ስፍር የሌለው ፎርም ነው። እያንዳንዱ ፎርም ተፈትሾ እንደገና መሠራት ነበረበት። በ2013 መጨረሻ 15,000 ገደማ ማሽኖች ተዛውረው ሥራው ተጠናቀቀ ተባለ፤ ከተማዋም ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንዳተረፈች ተናገረች።

ደስታው አልቆየም። ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚላክ የዎርድ ሰነድ ሠንጠረዡ ተዛብቶ፣ መስመሩ ተሰባብሮ ሲከፈት ሠራተኛው ማጉረምረም ጀመረ። በ2014 አዲስ ከንቲባ መጡ፤ በ2017 ምክር ቤቱ 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በሚፈጅ ወጪ ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ወሰነ። የሊነክስ ወገን ማይክሮሶፍት በ2016 የጀርመን ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሙኒክ ማዛወሩን ያነሳል፤ የዊንዶውስ ወገን የሠራተኛውን ምሬት። በ2020 ደግሞ ሌላ ጥምር አስተዳደር መጥቶ በተቻለ መጠን ነጻ ሶፍትዌርን እናስቀድማለን አለ። በ2024 ከሰሜን ጀርመን የሽሌስቪግ ሆልስታይን ክልል 30,000 ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊነክስ እንደሚወስድ አስታወቀ። ሙኒክን ያደከማት የሊነክስ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤቶቿ በሙሉ ዎርድ መላካቸውም ነበር።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ችግር ከጀርመኖቹ ቀድሞ ያውቀዋል። መጀመሪያ የወጡት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ለእኛ ፊደላት ሰጥተው ነበር። ለኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለው “ሀ” አይደለም፤ የ“ሀ”ን ልብስ የለበሰ የላቲን ምልክት ነው። እያንዳንዱ ሠሪ ደግሞ ልብሱን በየራሱ ቅደም ተከተል አለበሰው። እንዲህ ባለ የዊንዶውስ ፎንት የሠርግ ጥሪ ጽፎ፣ በፍላሽ ይዞ፣ ማክ ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት የሄደ ሰው ፎንቱ እዚያ ከሌለ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። የሙሽሮቹ ስም በነበረበት ቦታ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝና የላቲን ፊደል ተደበላልቆ ይጠብቀዋል። ጥፋቱ የማክ አይደለም፤ ልብሱ ሲወልቅ የታየው እርቃኑ ነው።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ማክ ከፋ የሚባለውን ያዘ፤ ለሊነክስም አቢሲኒካን የመሰሉ ነጻ ፎንቶች አሉ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዛሬ በሦስቱም ላይ ይነበባል። በድሮው ፎንት የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና የመመረቂያ ጽሑፎች ግን አሁንም ባለቤታቸውን ከአሮጌ ማሽን ጋር አስረው ይዘውታል።

የዋጋው ክርክርም እኛ ዘንድ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል። ሊነክስ በነጻ ነው ሲባል ኮምፒውተር ጠጋኙ ፈገግ ይላል፤ ዊንዶውሱስ መቼ ተከፍሎበት? ጌትስ በ1998 ስለ ቻይና ሲናገር፣ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንመርጣለን ማለቱ ይታወቃል። ገብቶታል፤ በተሰረቀው የለመደ እጅ ሌላ አይለምድም። ግን ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አፕዴቱ ተዘግቶ ነው የሚጫነው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። “ማክን ቫይረስ አይነካውም” የሚለውም ተረት ነው፤ በ2012 ፍላሽባክ የተባለው 600,000 ገደማ ማኮችን አጥቅቷል።

እንግዲህ የቱ ይጫን? ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውስን ቢለቅ ትርፉ ድካም ነው። ቪዲዮ የሚቆርጥና ዋጋው የማያስጨንቀው ሰው ማክ ቢገዛ አይቆጭም። ድር ለማሰስና ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ የሚፈለግ ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ግን ሊነክስን ሳይሞክር ማሽኑን መጣል የለበትም። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ይሞከራል፤ ካልተመቸ ፍላሹን መንቀል ነው።

ጊዜውም ለዚህ ሙከራ ይገፋፋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖችን አይቀበልም። ለውጡን የሚያስቡ ከሆነ ማሽኑን ለጠጋኙ ከመስጠትዎ በፊት ፎቶዎንና ሰነድዎን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ ካለዎት ፎንቱንም አብረው መገልበጥዎን አይርሱ።