የመስቀል ወፍ በጋውን የት ይሰነብታል?

መስከረም ሲጠባ የጓሮው መልክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለወጣል። ዝናቡ ይሳሳል፤ የጠዋቱ ጉም ቶሎ ይገፈፋል። አጥር ሥር አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያድግ የከረመው ሣር ዘር ይይዛል። ይኼኔ ነው የሣሩ ጫፍ ላይ ጥቁርና ቢጫ ሆኖ ላባውን ነፍቶ የሚንጫጫ፣ ወይም ረጅም ጅራቱን እያርገበገበ አየር ላይ የሚነጥር ወፍ ብቅ የሚለው። የመስቀል ወፍ!

ጠፍቶ ከርሞ ድንገት የሚመጣን ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ» እንለዋለን፤ ወፉ በዓመት አንዴ ከሩቅ መጥቶ የሚመለስ ስለሚመስለን። የመስቀል ወፍ ግን እንግዳ አይደለም። ኅዳርም ታኅሣሥም፣ የካቲትም ግንቦትም ብዙ ሳይርቅ በአካባቢያችን ሲለቅም ይሰነብታል። እኛ የማናውቀው መልኩን ለውጦ ስለሚኖር ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ወፎች

የመስቀል ወፍ የሚለው ስም የአንድ ዝርያ ብቻ መጠሪያ አይደለም። ሕዝቡ በዚህ ወቅት የሚያጌጡትን በርካታ ወፎች በአንድነት ይጠራበታል። ተመራማሪዎች በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል። ዩፕሌክተስ በተባለው ወገን ጥቁር አካሉ ላይ ትከሻውና የጀርባው ታች ደማቅ ቢጫ የሆነው ወፍ አለ፤ እሳት የመሰለ ቀይ የለበሰውና አናቱና አንገቱ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ረጅም ጥቁር ጅራት ያለውም እንዲሁ። ቪዱዋ ከተባለው ወገን ደግሞ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃረ ቀዩ ትንሽ ወፍ ይገኛል። የዚህ ወፍ አካል 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጅራቱ ብቻውን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል።

የሚያጌጠው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ዝንጉርጉር ናት። ወንዱም የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ በአብዛኛው እሷን ይመስላል፤ ከሌሎች ዘር ለቃሚ ወፎች ጋር በመንጋ ተቀላቅሎ ይኖራል። ያን ጊዜ ተራ ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን።

ላባው እንዴት ይለወጣል?

አድጎ ያለቀ ላባ እንደ ጥፍራችን ሕይወት የሌለው ነው፤ ቀለሙን በራሱ መቀየር አይችልም። ስለዚህ ወፉ አሮጌውን ላባ አራግፎ አዲስ ማብቀል አለበት። የዝናቡ ወቅት ሲገባ ከአንጎል ሥር ያለች ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን መጠኑ ይጨምራል፤ በዩፕሌክተስ ወገን የጌጡ ላባ እንዲበቅል ትእዛዝ የሚሰጠው ይህ ሆርሞን ነው። ጥቁሩን ቀለም ሰውነቱ ራሱ ያዘጋጀዋል። ቢጫውና ቀዩ ግን ምንጫቸው ምግብ ነው፤ ዕፅዋት ውስጥ ካሉ ቀለማት የተገኙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ድካም የሚዳኙት ሴቶቹ ናቸው። የስዊድኑ ተመራማሪ ማልቴ አንደርሰን ኬንያ ውስጥ በኪናንጎፕ አምባ ባካሄደው ሙከራ የዩፕሌክተስ ወገን የሆኑና ጅራታቸው ግማሽ ሜትር ያህል የሚደርስ ወፎችን ይዞ የአንዳንዶቹን ጅራት ቆረጠ፤ የተቆረጠውን ለሌሎቹ በማጣበቂያ ቀጠለላቸው። ከዚያ በየወንዱ ክልል የተሠሩትን ጎጆዎች ቆጠረ። ጅራታቸው የተቀጠለላቸው ወንዶች ከሁሉም የበለጠ ሴት ሳቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ፤ እስከ ዛሬም የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ይማሩታል።

ለምን መስከረም?

የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል፤ መስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ። ሰማዩ ሲጠራ ክረምቱ ያሳደገው ሁሉ በአንድ ጊዜ ለዓይን ይገለጣል። ለወፉ ትልቁ ነገር ሣሩ ነው። ቢጫ ትከሻው ወፍ ከረጅም ሣር መካከል የጎጆውን ቅርጽ ይሸምናል፤ ሴቷ ውስጡን አለስልሳ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹን የምትመግበውም እሷ ናት።

ጅራተ ረጅሙ የቪዱዋ ወገን ግን ጎጆ አይሠራም። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ምንቃራቸው ቀይ በሆኑ ሌሎች ጥቃቅን ዘር ለቃሚዎች ጎጆ ውስጥ ነው። የጫጩቷ የአፍ ውስጥ ምልክት የባለቤቶቹን ልጆች ስለሚመስል አብረው ያሳድጓታል። በብዙ ዓይነት ኩኩ ዘንድ እንደሚታየው ግን የባለቤቶቹን ጫጩቶች ከጎጆ አትገፈትርም።

ስለዚህ የመስቀል ወፍ የሚነግረን ከቀን መቁጠሪያው በላይ ነው። በሚንጫጫበት ቦታ ረጅም ሣር፣ የበሰለ ዘርና ሰው ያልነካው ጥግ አለ ማለት ነው። እኛ ግን ልክ በዚህ ሰሞን፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ስንል ግቢያችንን ከዳር እስከ ዳር እናጭዳለን። እንቁላልና ጫጩት የያዘው ሣር አብሮ ይታጨዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግቢ ያለው ሰው፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መሥሪያ ቤቱም በአጥሩ ዳር አንድ ጥግ ሣር እስከ ኅዳር መጨረሻ ሳያጭድ ይተው። አደዩም ዘሩን አርግፎ ለከርሞ ይበቅላል። ጥር ላይ ደግሞ ድንቢጥ የመሰሉ ቡናማ ወፎች በመንጋ ሲለቅሙ ካያችሁ ቀረብ ብላችሁ አስተውሉ። የጀርባው ታች ቢጫ የሆነ ካገኛችሁ፣ ሄደ ያላችሁት የመስቀል ወፍ እሱ ሳይሆን አይቀርም።