ሳይለካ የተቆረጠ ትኬት

ውሻ ወይም ድመት ይዞ ከአገር ሊወጣ የተነሣ ሰው ክሊኒኬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዶክተር፣ የትኛው አየር መንገድ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ሜትር አነሣለሁ።

አንዲት እናት ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ ቡቺን ይዘው መጡ። ጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቡቺ የሰባት ዓመት የሀበሻ ውሻ ነው። ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ መነሻ፣ ከመሬት እስከ ክርኑ፣ የትከሻውን ስፋት፣ በመጨረሻም ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ ለካሁት። የተገዛለት ሳጥን በቁመት አራት ጣት አነሰ። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ እንስሳው ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መዞርና እንደ ልማዱ መተኛት መቻል አለበት። ይህን የማያሟላ ሳጥን ከኤርፖርት ይመለሳል።

ሳጥኑስ ይለወጣል። የከበደኝ ሌላው ነበር። ቡቺ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲወስድ ኖሯል፤ ደብተሩን እማማ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውታል። ማይክሮቺፕ ግን የለውም። ቺፑ ሳይገባ የተሰጠ ክትባት ደግሞ ለጉዞ አይቆጠርም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሽታው ከሚያሰጋባቸው አገሮች ለሚመጣና እዚያው አሜሪካ ላልተከተበ ውሻ ደንቡን አጥብቃለች። ቺፕ ይገባል፣ ክትባት ይሰጣል፣ ከ30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ደሙ ከተወሰደ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላ ውሻው አይገባም። የደም ውጤት የሌለው እዚያው 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው።

ልጃቸው ያገኘው ርካሽ ትኬት መጀመሪያ የሚያርፈው ሌላ የአሜሪካ ከተማ ነበር። እንዲህ ያለ ውሻ የሚገባው ደግሞ ፈቃድ ያለው የእንስሳት ማቆያ ባላቸው ጥቂት ኤርፖርቶች ብቻ ነው፤ ቦታም አስቀድሞ ይያዝለታል። የዋሽንግተኑ ዱለስ ኤርፖርት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከአዲስ አበባም ያለ አውሮፕላን ቅያሪ ይደረስበታል። እንግዲህ ለቡቺ ከዋጋው በፊት የሚታየው የማረፊያው ቦታ ነበር።

«ታዲያ ጥዬው ልሂድ ዶክተር?» አሉኝ እማማ፣ እጃቸውን ከጭንቅላቱ ሳያነሡ። «አይጣልም እማማ፣ ትኬቱ ይቀየራል» አልኳቸው።

ወደ አየር መንገዶቹ ስመጣ መጀመሪያ የማየው ክብደትን ነው። ሉፍታንዛም ሆነ ተርኪሽ ከነቦርሳው እስከ 8 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ወይም ድመት ከባለቤቱ ጋር ካቢን ውስጥ ያሳፍራሉ። ኤምሬትስ ግን ከመሪ ውሾችና በተወሰኑ መስመሮች ከሚጓዙ ጭልፊቶች በቀር ካቢን ውስጥ እንስሳ አይቀበልም። ወደ ብሪታንያ ከሆነ ደግሞ በየትኛውም አየር መንገድ ቢሄዱ የቤት እንስሳ የሚገባው በካርጎ ነው።

አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉት ፐግና ቡልዶግ ያሳስቡኛል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ የእነዚህ መተንፈሻ ጠባብ ስለሆነ በጭንቀትና በሙቀት ቶሎ ይታፈናሉ። ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እነዚህን ዝርያዎች ከአውሮፕላኑ ሆድ መከልከሉ ትክክል ነው እላለሁ።

እንስሳት የሚጫኑበት ክፍል አየሩም ሙቀቱም የተስተካከለ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መሬት ላይ ያለው ቆይታ ነው። በሐምሌ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚግል የባሕረ ሰላጤ ከተማ ዘጠኝ ሰዓት ትራንዚት ያለውን ትኬት የቱንም ያህል ቢረክስ አልመክርም። መሸጋገር ግድ ከሆነ እንደ ፍራንክፈርት የእንስሳት ማረፊያና ሐኪም ያለው ኤርፖርት ይመረጥ።

ብዙ ሰው «የሚያስተኛ መድኃኒት ስጥልኝ» ይለኛል። አልሰጥም። መድኃኒቱ የደም ግፊትን ይጥላል፣ የሰውነትን ሙቀት ያዛባል፤ እንስሳው ችግር ላይ ቢወድቅም አጠገቡ የሚያየው የለም። ይልቅ ሳጥኑ ከአንድ ወር በፊት በሩ ተከፍቶ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ምግቡም እዚያው ይሰጠው። እማማ አሮጌ ነጠላቸውን ለቡቺ አነጠፉለት፤ በሳምንቱ ሳይጠራ ራሱ ገብቶ ይተኛ ጀመር። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አብረው በረሩ።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ውሻም ድመትም ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። በሐምሌ ለመሄድ ያሰባችሁ ትኬት ሳትቆርጡ በጥር አምጡልኝ።