ቁልፍ ሳይገባበት የሚዘጋ ፓርክ

ዐስር ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ የመቂ ገበያ ይሟሟቃል። ለሾርባና ለሳምቡሳ የሚሆን ሽንኩርት የምትመርጥ እናት፣ ቴምር የሚያስመዝን አባት፣ ፌስታሉን «እኔ ልያዘው» እያለ ከታናሹ ጋር የሚጓተት ልጅ ሁሉም መግሪብ ሳይደርስ ቤቱ ለመግባት ይቻኮላል። ከመንገዱ ዳር አይሱዙዎች የቲማቲም ሳጥን ጭነው ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ለመነሳት ይጣደፋሉ። አዲስ አበባ ያለው ጿሚ የሚያፈጥርበት ሽንኩርት ከመቂ ማሳ፣ ማሳውም ከመቂ ወንዝና ከዝዋይ ሐይቅ እንደጠጣ ላያስበው ይችላል።

ወሩ ሊገባደድ ሲል ደግሞ በየቤታችን ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ልጆች የዒድ ልብሳቸው መገዛቱን ካረጋገጡ በኋላ «ለዒድ የት ትወስዱናላችሁ?» ይላሉ። በእኛ አካባቢ መልሱ ሩቅ አይደለም። ወደ ደቡብ የሚወስደውን አስፋልት መያዝ ነው። ባቱ ላይ ዝዋይ አለ፤ አለፍ ሲል ላንጋኖ ይመጣል፤ ከላንጋኖ ማዶ፣ ከአስፋልቱ በስተቀኝ፣ የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

ዛሬ ስለዚህ ፓርክ ልናወጋ የፈለግነው ለሽርሽር ስለሚመች ብቻ አይደለም። ፓርኩ ማንም ቁልፍ ሳያስገባበት ቀስ በቀስ እየተዘጋ ስለሆነ ነው። በዚህ መዘጋት ውስጥ የመንግሥት ካዝና ድርሻ አለው። የእኛም የማሳ ሞተር፣ የእኛም የከሰል ማንደጃ ድርሻ አላቸው።

ሐይቅ ከሐይቅ ሲቀዳ

ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውስጥ አቻ የሌለው ጥልቅ ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚፈሉት ፍል ውሃዎች ደግሞ ሕመምተኛ የሚታጠብባቸው ናቸው። አቢጃታ ግን በደህናው ዘመን እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም ነበር። በፓርኩ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሐይቁን ከዳር ሐምራዊ የሚያስመስሉት ፍላሚንጎዎች የሚታዩትም እዚሁ ነው።

የአቢጃታ ውሃ ከየት ይመጣል? መልሱ እስከ ደጃችን ይደርሳል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የቀጠር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ተነስተው ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ዝዋይ እንደ ማሰሮ ነው፤ ሞልቶ ሲተርፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ያፈሳል። አቢጃታ ግን መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ማሰሮ እሱ ነው። ስለዚህ ከላይ የተቀዳ እያንዳንዱ በርሜል ከአቢጃታ ድርሻ ይነሳል። ዝዋይ ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር በቡልቡላ የሚወርደው ውሃ በብዙ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የሚፈሰው ትራፊው ብቻ ነው።

ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነው። ከ50 ዓመት በፊት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን የነበረው አቢጃታ ዛሬ ከግማሽ በታች ሆኗል። ላለፉት አሥርተ ዓመታት ከመስኖው በተጨማሪ ከሐይቁ ሶዳ አሽ ለማምረት የሚቀዳው ውሃም ጫና ሆኖበታል። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አቢጃታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ራቅ ብለው መብረር ግድ ሆነባቸው። የድሮው የሐይቅ ዳርቻ ዛሬ ነፋስ ነጭ አቧራ የሚያስነሳበት ሜዳ ነው።

«ሐይቅ እንዴት ይደርቃል?» የሚል ካለ ሐረማያን ያስታውስ። የሐረር ከተማን ያጠጣ የነበረ፣ ጀልባ የተቀዘፈበት ሐይቅ በደለል፣ በመስኖና በከተማ ፍጆታ ተሟጦ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ደግነቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል። የሐረማያ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው ሲታረምና አላህ ዝናብ ሲሰጥ ደግሞ ሊመለስ ይችላል።

በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው

ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ ብቻ አይጠበቅም። አገራችን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 575/2000 አውጥታለች። ሕጉን መሬት ላይ የሚያቆመው ግን ስካውቱ ነው፤ ፀሐይና ብርድ ሳይል በእግሩ የሚዞረው፣ መጥረቢያ የያዘውን «ተው» የሚለው ሰው። ስካውቱ ደመወዝ፣ ጫማ፣ ውሃና ነዳጅ የተሞላ መኪና ይፈልጋል። የመንግሥት ገንዘብ ሲያጥር ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ይቀድማሉ፤ ሊፈረድበትም አይችልም። ዛፍና ወፍ ሰልፍ አይወጡም፤ ስለዚህ ወረፋቸው መጨረሻ ላይ ነው።

አዲስ መናፈሻ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። በአዲስ አበባ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ሲከፈቱ ሕዝቡ በደስታ ጎርፎላቸዋል፤ ለቤተሰብም በጅተዋል። ያለውን ፓርክ ዓመት ከዓመት መጠበቅ ግን ምርቃት የለውም። ጥበቃ ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት አይተነዋል። በዚያ አጭር ክፍተት አቢጃታ ሻላን ጨምሮ በበርካታ ፓርኮቻችን ንብረት ተዘርፏል፣ ደን ተጨፍጭፏል፣ የዱር እንስሳት ተገድለዋል። በወራት የጠፋውን ግራር 30 ዓመት አልመለሰውም። ከጥበቃ ላይ የሚቆረጥ ብር ለጊዜው የተቆጠበ ይመስላል፤ ዕዳው ግን ወደ ልጆች ይተላለፋል።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት በበጀት ጉድለት ምክንያት ከ278 ፓርኮቿ 70ውን እዘጋለሁ አለች፤ የሚቆጠበውም 22 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የየአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር መሠረቱ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ በነጻ አገለገሉ፤ አብዛኞቹ ፓርኮችም ከመዘጋት ዳኑ። በ2012 ግን የፓርኮቹ መሥሪያ ቤት ሳያሳውቅ ያስቀመጠው 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሒሳቡ ውስጥ ተገኘ። ሕዝቡ «የለም» ተብሎ ያዋጣው ገንዘቡ እያለ ነበር። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ ፓርክን ሕዝብ ሊያድነው እንደሚችልና መጽሐፉም ለሕዝብ ክፍት መሆን እንዳለበት ነው። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነውና።

ሒማ፦ ለእኛ አዲስ ያልሆነ ነገር

የተከለለ መሬት፣ የተመደበ ጠባቂ፣ የማይቆረጥ ዛፍ ሲባል ከውጭ የመጣ ሐሳብ የሚመስለው ሰው አለ። ለሙስሊም ግን የቆየ ነገር ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የመዲናን ዙሪያ ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬውም እንዳይታደን ከልለዋል። አን-ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ደግሞ ሒማ አድርገውታል። ሒማ ማለት ለሕዝብ ጥቅም የተጠበቀ የግጦሽ መሬት ነው።

ከእሳቸው በኋላ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ሒማ ላይ ጠባቂ ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ እስከ ዛሬ ይነገራል። ጠባቂው በሰዎች ላይ እንዳይበረታ፣ የተበደለን ሰው ዱዓ እንዲፈራ አዘዙት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የታላላቆቹን ሀብታሞች መንጋ ግን እንዲመልስ ነገሩት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ሀብታሙ ከብቱ ቢያልቅበት እርሻና የቴምር ማሳ አለው። ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ደጃቸው ላይ ይቆማል።

ይህን ታሪክ ወደ አቢጃታ ስናመጣው ብዙ ነገር ያበራልናል። በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ የሚኖሩት በአብዛኛው ከብት አርቢና ገበሬ የሆኑ የአርሲ ኦሮሞ ቤተሰቦች፣ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። እነሱን እንደ ጠላት ያየ ጥበቃ አይሰነብትም። ሁሉም እንደፈለገ የሚቆርጥበት ፓርክም አይሰነብትም። ጠባቂ ይኑር፣ ድሃው አይገፋ፣ ብርቱው ይመለስ ነው ፍርዱ። ዛሬ «ብርቱው» ማለት በአንድ ሌሊት የጭነት መኪና ሙሉ ከሰል የሚያስወጣው፣ ከሐይቁ በትልቅ ቧንቧ የሚስበው ነው።

ከቤታችን የሚጀምረው

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ በዚህ ዘመን ጾሙ ከበጋው ወራት ጋር ገጥሟል። ወንዙ በሚቀጥንበት፣ ሞተሩ በሚበዛበት ጊዜ ማለት ነው። የውሃን ዋጋ ጉሮሮው ከደረቀ ሰው በላይ ማን ያውቃል? በሚፈስ ወንዝ ዳር ውዱእ ሲያደርጉ እንኳ ውሃ ማባከን እንደማይገባ ከልጅነታችን ተምረናል። ትምህርቱ ከውዱእ አልፎ ማሳ መድረስ አለበት።

መቂ መስኖዋን ታቁም የሚል የለም። ስንት ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ስንት ልጅ የሚማርበት ነው። ቀትር ላይ በክፍት ቦይ የሚለቀቅ ውሃ ግን ብዙው ለፀሐይ ነው የሚሄደው፤ የሞተሩ ነዳጅም አብሮ ይባክናል። ማለዳና ምሽት ማጠጣት፣ ቦዩን መጠገን፣ የሞላ ማሳ ላይ ሞተር አለማስተኛት ብር አይጠይቅም። ጠብታ መስኖ ውድ ነው፤ በግል የማይቻለውን ግን በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በመቂ ባቱ ዩኒየን በኩል መጠየቅና መምከር ይቻላል። የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅም ስለ ውሃና ስለ ደን ስንት እንደተመደበ መጠየቅ መብታችን ነው።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ከአፍጥር በኋላ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቤቱ ይደምቃል። ከቡልቡላ እስከ ላንጋኖ በአስፋልቱ ዳር የተደረደረውን ከሰል መኪና አቁሞ የሚገዛው መንገደኛ በርካሽ ያገኘ ይመስለዋል። ያ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል የፓርኩና የአካባቢው ግራር ነው። የሚያከስለው ሰው ሌላ ገቢ አጥቶ ይሆናል፤ እሱን ከመውቀስ በፊት ግዢያችንን እንመልከት። ገዢ ሲጠፋ መጥረቢያም ያርፋል። ለዚያ ሰው ከከሰሉ ይልቅ ማሩን፣ ዕንቁላሉን፣ በጉን ብንገዛው ለሁላችንም ይሻላል።

ሦስተኛው የዒድ ሽርሽራችን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከውጭ የሚመጣው ጎብኚ በአንዴ ቆመ። በየፓርኩ በአስጎብኚነት የሚተዳደሩ ወጣቶችም ያን ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የማይቋረጠው ጎብኚ የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዘን በዋናው በር እንግባ፣ የመግቢያውን እንክፈል፣ ደረሰኝ እንቀበል፣ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርገን እንያዝ። ሰጎኑንና የሜዳ ፍየሉን ያሳየን። የላስቲክ ውሃ መያዣችንን መልሰን ይዘን እንውጣ። ጎብኚ የሌለው ፓርክ በበጀት ሰሞን ተከራካሪ የለውም፤ በየዒዱ በቤተሰብ የሚሞላ ፓርክን ግን መርሳት ቀላል አይሆንም።

ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ የሚበላለትን ዛፍ የተከለ ሙስሊም ሶደቃ እንደሚጻፍለት በየኹጥባው ሰምተናል። በየመስጊዱ ግቢና በየማሳው ዳር ክረምት ሲገባ ግራር ለመትከል ከአሁኑ ጉድጓዱን፣ ችግኙን፣ አጠጪውን ብናስብ ከረመዳን በኋላ የሚቀር ሥራ ይሆናል።

ዛሬ መግሪብ ሲደርስ የመጀመሪያውን ውሃ ስንጎነጭ ከመቂ ወንዝ እስከ ዝዋይ፣ ከቡልቡላ እስከ አቢጃታ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ እናስታውሰው። ልጆቻችን ወልደው «ለዒድ የት ትወስዱናላችሁ?» ሲባሉ፣ ጣታቸውን ወደ ደቡብ የሚቀስሩበት ሐይቅ ሊኖራቸው ይገባል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ረመዳን ሙባረክ!