ጥቅምት አልረፈደም

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከፈተናው ሰሞን ይልቅ ይከብዱኛል። በአዲስ አበባ ዳር ባለችው ፉሪ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ሰኔ ላይ ቢሮዬ የሚመጣ ተማሪ ብቻውን ይመጣል፤ የሚያስጨንቀውም ፈተናው ነው። መስከረም ላይ ግን እናቱን ወይም አባቱን አስከትሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ብር ይሆናል። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዋጋው ቀነስ የሚለው የትኛው ኮሌጅ ነው?»

ጥያቄው የጥቂት ቤተሰብ ጥያቄ አይደለም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ይላል። ሆኖም ከሁሉም በተሻለው ዓመት እንኳ ከአስር ተፈታኝ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት አልቻለም። እነዚህ ልጆች ሁሉ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ዓይነት ድንጋጤ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ።

ድንጋጤውን የሚያባብሰው የጊዜው አሰላለፍ ነው። ውጤት ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ይወጣል። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ከዚያ በኋላ ይመጣል። 50 በመቶ ላላመጡት የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ለብቻው ይነገራል፤ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መግቢያም የራሱን ጊዜ ጠብቆ ነው የሚታወቀው። የግል ኮሌጆች ግን ይህን ሁሉ አይጠብቁም። ውጤቱ ሳይወጣ ጀምሮ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ «ምዝገባ ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀን ቀረው» የሚል ወረቀት ታክሲ ተራው ላይ ይታደላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጅ ገንዘብ የማይጠይቀው ወይም ጥቂት የሚጠይቀው አማራጭ ገና ሳይታወቅ፣ ብዙ የሚያስከፍለው ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

አምና አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ግንበኛ ናቸው። ልጅቷ ያመጣችው ከ600 262 ነው። የመመዝገቢያውን ብር ከእቁብ አውጥተው በኪሳቸው ይዘዋል።

«መምህር፣ ይህች ልጅ ቤት ከተቀመጠች ዓመቷ ባከነ ማለት ነው። ኮሌጁ ዲግሪ ትጀምራለች ብሎኛል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።»

«ጋሼ፣ ዲግሪ ትጀምራለች ያለዎት ማን ነው? በጽሑፍ ሰጥቶዎታል?»

«በስልክ ነው የነገሩኝ። ቢሮው ስሄድም የምትመዘግበው ልጅ ያንኑ ደገመችልኝ።»

262 ከግማሽ በታች ነው። በአሁኑ አሠራር ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ተማሪ፣ የሚከፍልለት መንግሥትም ሆነ አባቱ፣ ዲግሪ የሚጀምረው የሪሚዲያሉን መቁረጫ ነጥብ አሟልቶ፣ ትምህርቱን ወስዶ ካለፈ ብቻ ነው። የሪሚዲያሉ ውጤት 30 በመቶ ከተቋሙ ምዘና፣ 70 በመቶ ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና ይያዛል። ይህን ደረጃ ዘሎ «ዲግሪ ጀምሪ» የሚል ኮሌጅ የሚወስደው የአባቷን ብር ብቻ አይደለም፤ የልጅቷንም ዕድሜ ነው። ማስረጃዋ በተመረመረ ቀን የተማረችው ሁሉ መሠረት ያጣል። ይህንን አስረድቼ «ጋሼ፣ ነጥቡ እስኪነገር ይታገሱ» አልኳቸው። ሰውየው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ብሩን ሳይከፍሉ ተመለሱ። ከሳምንታት በኋላ ነጥቡ ሲነገር ልጅቷ አልፋለች፤ ሪሚዲያሉን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጀመረች። ሁሉም እንደ እሷ አይቀናውም። ቢሆንም መጠበቁ ምንም አላስከፈላትም፤ እኔ በዚህ ሥራ የማየው ኪሳራ በአብዛኛው የሚመጣው ከመዘግየት ሳይሆን ፈርቶ ከመክፈል ነው።

ስለ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ነፃ ነው» የሚለው አባባል መታረም አለበት። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት አለ። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየከፈለ ይመልሳል። መምህርነትን መርጦ የሚገባ ሰው በአገልግሎት እንዲመልስ ደንቡ ይፈቅዳል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉን ብዙ ወላጅ በደስታ ነው የሰማው፤ ልጆቻችን ጠግበው ይበላሉና ተገቢም ነው። ግን ተማሪው ውል የሚፈርምበት ወጪ ነውና ዕዳውም አብሮ እንደሚያድግ ሊነገረው ይገባል። እንዲያም ሆኖ ይህ ዕዳ ዛሬ ከአባት ኪስ አይወጣም፤ ለግንበኛ አባት ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ምደባ ሲሞላ ርቀቱም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ከፉሪ ለሚነሳ ልጅ ወልቂጤ በሰበታ በኩል በሚያልፈው የጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምቦ፣ ደብረ ብርሃን፣ ፍቼም ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስባቸው ናቸው። ትራንስፖርት ሲወደድ ለበዓል እንኳ ወደ ቤቱ መምጣት ያልቻለ ልጅ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይቻለሁ። ታዋቂ ስም ፍለጋ የሩቁን ብቻ ከላይ የሚደረድሩ ተማሪዎችን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው «ስትታመም ማን ይደርስልሃል? በምን ብር?» ብዬ ነው።

አሁን ወደ ግል ኮሌጆች ልምጣ፤ ብዙው ወላጅ የሚጨነቀው በእነርሱ ነውና። ወላጅ የሚያወዳድረው የወር ክፍያን ነው። እስቲ አንድ ኮሌጅ በወር 2,000 ብር ያስከፍላል እንበል፤ ያለው ግን መሀል ከተማ ነው። ልጁ ከፉሪ ሁለት ታክሲ ይዞ ለመሄድና ለመመለስ በቀን 60 ብር ቢያወጣ፣ በወር 22 ቀን ቢማር፣ በዓመት አስር ወር ቢመላለስ የዓመቱ ትራንስፖርት 13,200 ብር ነው። ዲግሪ ዛሬ ከ4 ዓመት አያንስምና እስኪመረቅ 52,800 ብር ይሆናል። ከ80,000 ብር የትምህርት ክፍያ ጋር ሲደመር 132,800 ብር። በእግር የሚደረስበት ኮሌጅ በወር 2,500 ብር ቢያስከፍል ግን 4 ዓመቱ በ100,000 ብር ያልቃል። በወር 500 ብር ይበልጣል የተባለው ኮሌጅ መጨረሻ ላይ በ32,800 ብር ይቀንሳል። ይህን ስሌት ቢሮዬ ውስጥ በወረቀት ላይ ስሠራው ወላጆች ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። መመዝገቢያ፣ መታወቂያ፣ የላብራቶሪ፣ የምረቃ እየተባለ በየጊዜው የሚጨመረውም አለ። አስቀድሞ «ከመጀመሪያ እስከ ምረቃ ጠቅላላ ስንት ነው? በየዓመቱስ ይጨምራል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ከክፍያው ሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪው ዲግሪውን ለማግኘት ማለፍ ያለበት የመውጫ ፈተና ነው። በሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 40.65 በመቶው አለፉ። ከመንግሥት ተቋማት ያለፉት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ ነበሩ። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው፤ አማካይም ነው፤ ጥሩ የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች በአማካዩ ስር ተሸፍነዋል። የወደቀም ደግሞ መፈተን ይችላል። ቢሆንም ዓመታት ከፍሎ ዲግሪውን በእጁ ያላስገባ ወጣት ቤተሰብ ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያዳግትም። ርካሽ ኮሌጅ ማለት ልጁ ተምሮ የሚያልፍበት ኮሌጅ ነው። በወር 1,500 ብር አስከፍሎ ተማሪዎቹ የማያልፉለት ኮሌጅ ከሁሉም ውድ ነው። ስለዚህ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ መጠየቅ ያለበት «ባለፈው ዓመት በዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» የሚለው ነው። ቁጥሩን የሚያውቅና የሚናገር ኮሌጅ አለ። «ተማሪው ከጎበዘ ያልፋል» እያለ የሚያድበሰብስም አለ። ልዩነታቸው እዚያው መስኮቱ ላይ ይታያል።

እውቅናውንም ማየት ያሻል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛና ለርቀትም ለየብቻ ነው፤ የጊዜ ገደብም አለው። አንድ ኮሌጅ መገናኛ ባለው ካምፓሱ አካውንቲንግ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት ጀሞ በከፈተው ቅርንጫፉ ነርሲንግ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደገና መዝግቧልና፣ ታላቅ ወንድም ተመርቆ የወጣበት ኮሌጅ ለታናሽ እህቱ ዛሬም ይሠራል ብሎ ማመን አይቻልም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእውቅና ደብዳቤ ላይ የካምፓሱን ስም፣ የትምህርቱን ስምና ቀኑን ማንበብ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። የተማሩ ወላጆች ሳይቀሩ ሳያነቡት ይከፍላሉ።

በዚህ ሥራዬ ልቤን የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው፤ ለቴክኒክና ሙያ ያለን ንቀት። ተግባረ ዕድን፣ ጀነራል ዊንጌትን፣ ንፋስ ስልክን የመሳሰሉ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች እዚሁ አዲስ አበባ አሉ። የቀኑ መደበኛ ሥልጠና ክፍያ ከግል ዲግሪ ጋር አይወዳደርም። ሥልጠናው በደረጃ ስለሆነ ልጁ አንዱን ደረጃ ጨርሶ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ካለፈ በእጁ የሚታይ ማስረጃ ይዞ ሥራ መግባት፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ደረጃ መመለስ ይችላል። ፉሪና ዙሪያው ዛሬ ምን ይፈልጋል? በየቦታው ሕንፃ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ቧንቧ የሚገጥም፣ ብረት የሚበይድ ሰው በወረፋ ነው የሚገኘው። እናቶች ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቴክኒክ ነው የገባው» ይሉኛል። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ዝቅ ያለው ድምፅ ልጁን ከመቁረጫ ነጥቡ በላይ ይሰብረዋል።

ለፉሪ ልጅ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አካባቢያችን ሁለት አስተዳደር የሚገናኙበት ነው፤ ገሚሱ ቤት በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ገሚሱ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ፉሪ ክፍለ ከተማ ሥር ነው። ጎረቤታሞች የያዙት የነዋሪነት መታወቂያ ይለያያል። ስለዚህ የመንግሥት ኮሌጅ የምዝገባ ማስታወቂያ ስለ ነዋሪነት ምን እንደሚል አስቀድሞ ማንበብና መታወቂያን ማሳደስ መስከረም ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ምዝገባው ሲከፈት ወረዳ ለወረዳ መሮጥ ከጀመሩ ቀኑ ያልፋል።

ጥቅምት ገብቶ ምንም ያልያዘ ልጅ ዓመቱ አልጠፋበትም። ብዙ የግል ኮሌጆች በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይመዘግባሉ። የማታ ትምህርት አለ፤ ቀን እየሠራ ክፍያውን ራሱ የሚሸፍን የ19 ዓመት ልጅ ከቤተሰቡም ከራሱም ጋር ሰላም ይኖረዋል። ውጤቱ ለጥቂት ነጥብ ያነሰበት ተማሪ በግል ተመዝግቦ ዳግም የሚፈተንበትን ዕድልም ማጣራት ይችላል። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የማይለቀምበት ጊዜ ይበዛል፤ ብዙ ኮሌጅ የተከፈለ መመዝገቢያ አይመልስምና።

ለወላጆች የምለውን ብያለሁ። የቀረው ልመናዬ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት በየኮሌጁና በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ፣ እውቅና ካላቸው ካምፓሶች ዝርዝር ጋር፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሳምንት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን። ወረቀቱን የምንለጥፍበት ሰሌዳም፣ የሚያስረዳ መምህርም አለን።