ሰሙን ከወርቁ ስለ መለየት፤ ሕፃናትና ምሳሌያዊ አነጋገር

ስለ አንድ ሕፃን «አፉን ፈታ» ሲባል አፉ በገመድ ታስሮ ነበር ማለት እንዳልሆነ አዋቂ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። እንዲህ ያለው አነጋገር በአማርኛ እጅግ የበዛ ከመሆኑ የተነሣ ተናጋሪው በምሳሌ መናገሩን እንኳ ልብ አይለውም። ሕፃኑ ግን ቃልን የሚቀበለው አስቀድሞ እንደ ተነገረው ነው። «ልብ ግዛ» የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ ልብ በየትኛው ገበያ እንደሚሸጥ ቢጠይቅ፥ ከቋንቋው ሕግ ያጎደለው አንዳች ነገር የለም፤ መግዛት ማለት ገንዘብ ከፍሎ መውሰድ እንደ ሆነ በትክክል ተምሯልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕፃናት የቃሉን ቀጥተኛ ትርጉም ከምሳሌያዊው የሚለዩበት መንገድ ምን እንደሚመስል፥ ለዚህም የአገራችን ባህል ያዘጋጀው መሣሪያ የትኛው እንደ ሆነና መምህራን ከእርሱ ምን ሊወስዱ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ለምርመራው እንዲመች ምሳሌያዊውን አነጋገር በሦስት ክፍል ማየት ይቻላል። አንደኛው ለግዑዝ ነገርም ለሰው ጠባይም የሚነገር ቃል ነው፤ «ከባድ» ለድንጋይም ለጨዋ ሰውም፥ «ደረቅ» ለእንጨትም እሺ ለማይል ሰውም፥ «ጠማማ» ለምሰሶም ቅንነት ለጎደለው ሰውም ይነገራል። ሁለተኛው ፈሊጥ ነው፤ «ጥርስ ነከሰበት»፥ «ጆሮ ጠቢ»፥ «ሆደ ሰፊ» እንደ ማለት ያለው፥ ቃላቱ በየብቻቸው ቢታወቁም ትርጉሙ ከድምራቸው የማይገኝ አነጋገር ነው። ሦስተኛው ተረትና ምሳሌ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ሁሉ፥ አንዱን ነገር እየተናገረ በሌላው ላይ የሚፈርድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የሕፃኑ ችግር በሦስቱም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል ከቀጥተኛው ወደ ምሳሌያዊው የሚያሻግረው ድልድይ ቅርብ ነው፤ በሁለተኛው ድልድዩ ከልማድ ብዛት አርጅቶ ተሰውሯል፤ በሦስተኛው ደግሞ አድማጩ ነገሩ ከተነገረበት ሁኔታ ተነሥቶ ድልድዩን ራሱ መሥራት ይገባዋል።

ሰሎሞን አሽና ሃሪየት ነርላቭ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ባወጡት ጥናት ይህን የመጀመሪያውን ክፍል መርምረዋል። ከ3 እስከ 12 ዓመት ያሉትን ልጆች እንደ «ጣፋጭ»፥ «ቀዝቃዛ» እና «ጠማማ» ስላሉ ቃላት ጠየቋቸው። ታናናሾቹ ቃላቱን ለዕቃና ለምግብ እንጂ ለሰው ጠባይ አልተጠቀሙባቸውም። መካከለኞቹ ለሰውም ይነገራሉ አሉ፤ ነገር ግን ሁለቱን ትርጉሞች የሚያገናኘውን ነገር ማስረዳት አልቻሉም። ግንኙነቱን መግለጽ የቻሉት በዕድሜ ከፍ ያሉት ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፥ ምሳሌያዊውን ትርጉም ማወቅና ምሳሌነቱን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። አንድ ልጅ «ደረቅ» ማለት እሺ የማይል ማለት እንደ ሆነ አጥንቶ፥ ስለ ምን እንደዚያ እንደ ተባለ ግን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ቀደም ዣን ፒያዤ በ1923 ባሳተሙት ስለ ሕፃናት ቋንቋና አስተሳሰብ በሚናገረው መጽሐፋቸው፥ ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰጥተው ተመሳሳይ አሳብ ካለው ዓረፍተ ነገር ጋር እንዲያዛምዱ አድርገው ነበር። ብዙዎቹ ልጆች አልተረዱትም፤ የሚያስደንቀው ግን የተረዱት መስሏቸው ያለ ማመንታት መልስ መስጠታቸው ነው። በርግጥ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች፥ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት እንኳ በዓይን በሚታይ መልክ ላይ የተመሠረተውን ምሳሌ በጨዋታና በታሪክ መካከል ሲያገኙት ሊረዱት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ስለዚህ የሚጎድለው ችሎታው ብቻ አይደለም፤ ችሎታው የሚሠራበት አመቺ ስፍራም ጭምር ነው።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ብሎ ማዳመጥ እንጂ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነው። በዚህ ላይ ልጁ የተረዳ መስሎት ያልተረዳ ከሆነ፥ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ተሰውሮ ይቀራል። አዋቂው ተግሣጹ የደረሰ ይመስለዋል፤ ልጁም ትእዛዙን እንደ ሰማው ይፈጽማል፤ ኋላም «ደንቆሮ» ወይም «አፈኛ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የጠባይ ጉድለት ተብሎ የሚቀጣው የትርጉም ጉድለት ነው።

ባህላችን ለዚህ መድኃኒት ሳያዘጋጅ አልቀረም፤ ይኸውም የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ «በር የሌለው ቤት» ቢባል፥ ልጆቹ የሚያውቁትን ቤት ሁሉ በአሳባቸው ይዞራሉ፤ ነገሩ እንቁላል መሆኑ ሲገለጥ ግን ቤት የተባለው ስለ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይታያቸዋል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ «እንቆቅልህ» የሚለው መክፈቻ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል እንደ ተነገረው የሚወሰድ አለመሆኑን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ በተራው ንግግር እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ሁለተኛ፥ አለማወቅ የተፈቀደ ነው። መልሱን ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ያገኘውን ተድላ ከተረከ በኋላ ምሥጢሩን ይገልጣል። የተሸነፈው ልጅ አገር ቢያጣም ትርጉሙን ያገኛል። ሦስተኛ፥ ተራው ይለዋወጣል፤ ትናንት የተጠየቀው ዛሬ ጠያቂ ይሆናል፥ ምሳሌም መሥራት ይለምዳል።

ይኸው ሥርዓት ከፍ ባለ ደረጃ በቅኔ ቤት ይገኛል። ተማሪው በሁለት ቤት ከሚቆመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረዣዥሞቹ የቅኔ ዓይነቶች የሚሻገረው ደረጃ በደረጃ ነው። «ሰምና ወርቅ» የሚለውም ስያሜ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በለቀቀውም ስፍራ ወርቁ ይፈስበታል። ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ከሰሙ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰሙን በሚገባ ያላወቀ ልጅ ወርቁን የሚያፈስበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ ፈሊጥና ትርጉሙን በሁለት ረድፍ ጽፎ ማስጠናት ወርቁን ያለ ቅርጽ መስጠት ይሆናል።

እንግዲህ በትምህርት ቤት የሚሻለው አካሄድ የሚከተለው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን እንውሰድ። መምህሩ በመጀመሪያ በሰሙ ላይ ይቆያል፤ እንቁላል እግር አለውን? በእግሩ ሊሄድ የሚችለው መቼ ነው? ዶሮዋ ለ21 ቀን ያህል ከታቀፈችው በኋላ ጫጩት ሲሆን ነው። ቀጥሎ ሁለት አጫጭር ታሪኮች ያቀርባል፤ አንዱ ፊደል መቁጠር በጀመረ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ስለ ቆረጠ ልጅ፥ ሌላው ዕቃ ስለ ሰበረ ልጅ የሚናገር ይሁን፤ ምሳሌው ለየትኛው እንደሚስማማ ልጆቹ ይፍረዱ። በመጨረሻ ድልድዩን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ያደርጋል፤ በእንቁላሉና በተማሪው ዘንድ አንድ የሆነው ነገር ምንድር ነው? በሁለቱም ለውጡ ከውስጥ ሳይታይ ይሠራል፤ ጊዜም ይጠይቃል።

ከዚህም በላይ አንዱን አነጋገር በሁለት ስፍራ አስገብቶ ማወዳደር ይጠቅማል። «እጁ አጥሮት ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ ማውረድ አቃተው» እና «እጅ አጥሮት ለበዓል ልብስ ሳይገዛ ቀረ» የሚሉትን ያነበበ ልጅ፥ ሰሙን ከወርቁ የሚለየው በዙሪያው ያለው ነገር መሆኑን ይማራል። «አልገባኝም» ላለ ልጅም እንደ እንቆቅልሹ አገር ሰጥቶ ትርጉሙን መቀበል ይፈቀድለት፤ ሳቅና ተግሣጽ ግን አይገባውም።

ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው በ1965 በታተመው መጽሐፋቸው፥ በአማርኛ የሚወደደው የድብቅ አነጋገር ልማድ ዘመናዊ ኑሮ ከሚፈልገው ግልጽ ቃል ጋር እንደሚጋጭ አመልክተው ነበር። አሳቡ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቃሉን ከምሳሌው የሚለየው ልጅ ነው ግልጽ ሆኖ መናገር ባለበት ጊዜ ግልጽ ለመሆን የሚችለው፤ የማይለየው ልጅ ምርጫ የለውም።

ይህ ትምህርት በተለይ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየተማሩ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይቀበላሉ፤ ቃሉን ከመጽሐፍ ያገኙታል፥ ጨዋታውን ግን አያገኙትም። በእስራኤልና በአሜሪካ የሚያድጉትም ልጆች አማርኛን ከወላጆቻቸው ሲሰሙ እንቆቅልሽ የሚጠይቃቸው እኩያ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችም ብዙዎቹ ምሳሌያዊው አነጋገር ይከብዳቸዋልና፥ ድልድዩ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ለእነዚህ ሁሉ ምሽት በእሳት ዳር ሲደረግ የነበረውን ሥራ መምህሩ በክፍል ውስጥ ሊፈጽመው ግድ ይሆናል። እንቆቅልሽን የምንሰበስብ ሰዎችም ጥያቄውንና መልሱን ብቻ ሳይሆን ልጁ መልሱን ከማግኘቱ በፊት የሞከራቸውን የተሳሳቱ መልሶች አብረን ብንመዘግብ፥ አእምሮው ከሰሙ ወደ ወርቁ የተሻገረበትን መንገድ የሚያሳየን ያ ነው።